የክረምት ካርኒቫል፦ በበረዶ ተራሮች መካከል የበቀለ ተቋም

1. ከተማን የሚዘጋ ወቅት

በሰሜን አሜሪካ ተራራማ አካባቢዎች ክረምት ማለት በረዶ ነው። ከኅዳር አንሥቶ እስከ መጋቢት፣ ከፍ ባሉት ስፍራዎች ደግሞ እስከ ሚያዝያ ድረስ መሬት አይታይም። የበረዶ መጥረጊያ መኪና ባልነበረበት ዘመን መንገዱ ይዘጋል፣ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ከብት አርቢውም እንጨት ቆራጩም ቤቱ ይከተታል። ጎረቤት ከጎረቤት ሳይተያይ ሳምንታት ያልፉ ነበር። በበጋ እንግዳ የሞላው ሆቴል በጥር ሰው አይረግጠውም፤ ባለሱቁም ከዱቤ መዝገቡ ጋር ተፋጥጦ ይከርማል።

የክረምት ካርኒቫል የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። ካርኒቫል በአውሮፓ የካቶሊክ አገሮች ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው የቅበላ ሰሞን የሚደረግ ፈንጠዝያ ነው፤ ለጥቂት ቀናት የሚነግሥ ንጉሥ፣ ጭምብልና የአደባባይ ሰልፍ አለው። የሰሜን አሜሪካ ከተሞች ንጉሡንና ሰልፉን ወስደው ጾሙን ተዉት። ቀኑንም የሚቆርጡት ክረምቱን አይተው ነበር።

ተቋሙን ያቆሙት ሁለት ፍላጎቶች ናቸው። አንደኛው ከውጭ እንግዳ ማምጣት፣ ማለትም የሞተውን ገበያ ማንቀሳቀስ ነው። ሁለተኛው የከተማውን ሰው ራሱን ከቤቱ ማውጣትና ማገናኘት ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ አንድ አይደሉም። ከ140 ዓመት ባለፈው ታሪክ ውስጥ የትኛው ካርኒቫል እንደ ጠፋ፣ የትኛውስ እስከ ዛሬ እንደ ዘለቀ ስመለከት፣ ልዩነቱን የፈጠረው ከሁለቱ ፍላጎቶች የቀደመው የትኛው ነው የሚለው ይመስለኛል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

2. ሞንትሪያል የሰጠችው አብነት

የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ ካርኒቫል የተደረገው በጥር 1883 በካናዳዋ ሞንትሪያል ነው። የጀመሩት የበረዶ ጫማ ክለቦች ናቸው። የበረዶ ጫማ በእንጨት ክፈፍ ላይ ጠፍር የተጠላለፈበት፣ እግር በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚያደርግ ሰፊ መራመጃ ነው፤ የክለቦቹ አባላትም ማታ ማታ ችቦ ይዘው ወደ ሞንት ሮያል ተራራ መውጣትን ልማድ አድርገውት ነበር። በከተማዋ አደባባይ በበረዶ ብሎኬት ቤተ መንግሥት ተሠራ፤ ነዳፊው ኤ. ሲ. ሃቺሰን የተባለ አርክቴክት ነበር። ሌሊት ላይ ክለቦቹ ችቦ እያበሩ ቤተ መንግሥቱን ይከቡታል፣ ከውስጥ ያሉት በርችት ይመልሳሉ፣ በመጨረሻም ምሽጉ ይያዛል። ቤተ መንግሥት፣ ከበባ፣ ሰልፍ፣ የሸርተቴ ውድድርና የጭፈራ ምሽት ተደማምረው የተቋሙ ቋሚ ቅርጽ ሆኑ።

በ1885 ሞንትሪያልን ፈንጣጣ ሲመታት የ1886ቱ ካርኒቫል ቀረ። አጋጣሚውን የተጠቀመችበት የሚኒሶታዋ ሴንት ፖል ናት። የከተማዋን ክረምት ከሳይቤሪያ ጋር አመሳስሎ የነቀፈ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ነጋዴዎቿን አስቆጥቶ ነበርና፣ ቤተ መንግሥቱን ለሞንትሪያሎቹ አርክቴክቶች ሰጥተው በዚያው በ1886 የራሳቸውን ካርኒቫል ከፈቱ።

ሞንትሪያል እስከ 1889 ቀጥላ አቆመች። ገንዘቡ ከባቡር ኩባንያዎችና ከሆቴሎች የሚመጣ ስለነበር፣ እነርሱ እጃቸውን ሲሰበስቡ በዓሉን የሚሸከም ጠፋ። ካናዳ የበረዶ አገር ናት ተብሎ ስደተኛ ይሸሸናል የሚል ተቃውሞም ተነሥቶ ነበር። ገና በጠዋቱ የታየው የተቋሙ ድክመት በነጋዴዎች ገንዘብ ላይ ብቻ መቆሙ ነው።

3. ሌድቪል፦ ለአንድ ክረምት የቆመ ቤተ መንግሥት

ያንን ድክመት ከሁሉ በላይ አጉልቶ ያሳየው በኮሎራዶ ግዛት የተሠራው የሌድቪል የበረዶ ቤተ መንግሥት ነው። ሌድቪል 3,100 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ በብር ማዕድን የከበረች ከተማ ነበረች። በ1893 የአሜሪካ መንግሥት ብር እንዲገዛ የሚያስገድደው ሕግ ሲሻር የማዕድኑ ዋጋ ወደቀ፤ የማዕድን ጉድጓዶች ተዘጉ፣ ሰዉም ሥራ ፈታ። ነጋዴዎቹ መላ ሲፈልጉ ዓይናቸው በክረምቱ ላይ ዐረፈ። የክሪስታል ካርኒቫል ማኅበር የሚባል ድርጅት አቋቁመው፣ ለሴንት ፖል ተመሳሳይ ሕንፃ የነደፈውን ቻርልስ ጆይን አስመጡና በ1895 መገባደጃ ሥራ ጀመሩ።

ወደ 250 የሚሆኑ ሠራተኞች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ሠሩ። የእንጨት አጽም ቆመ፤ ዙሪያውን 5,000 ቶን የሚደርስ በረዶ ለበሰ። የፊት ለፊቱ ማማዎች ቁመት 27 ሜትር ነበር። በመካከሉ ሰፊ የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ፣ በግራና በቀኙ ደግሞ በምድጃ የሚሞቁ የጭፈራና የምግብ አዳራሾች ተሠሩ። ዓሣና አበባ ጥርት ባለ በረዶ ውስጥ እንደ ረጉ ለእይታ ቀርበዋል። በታኅሣሥ ሞቃት ነፋስ መጥቶ ግድግዳው መቅለጥ ሲጀምር ሠራተኞቹ ጨርቅ አለበሱት፤ ብርዱ ሲመለስ ውሃ እየረጩ ጠገኑት።

ቤተ መንግሥቱ በጥር 1 ቀን 1896 ተከፍቶ በመጋቢት 28 ተዘጋ። ባቡሮቹ በቅናሽ ቲኬት እንግዳ አመጡ፤ እንግዳው ግን ጠዋት መጥቶ፣ ብዙ ጊዜም ምሳውን ቋጥሮ፣ ማታ ይመለስ ነበር። ሆቴሎቹ ያሰቡትን አላገኙም፤ ማኅበሩም ያወጣውን አልመለሰም። በቀጣዩ ዓመት እንገነባዋለን ያለ አልተገኘም።

ሥራ ለፈቱ ሰዎች የክረምት እንጀራ መስጠቱ የሚናቅ አይደለም፤ በእኔ ግምት የሌድቪል ካርኒቫል እውነተኛ ፍሬም ያ ነው። እንደ ተቋም ግን ሥር አልነበረውም። አንድ ግዙፍ ዕቃ ሠርቶ ገዢ የሚጠብቅ ድርጅት ነበር፤ ገዢው ሲቀር ከሕንፃው ጋር ፈረሰ። የከተማው ሕዝብ በውስጡ የነበረው ቦታ የተቀጣሪ ወይም የተመልካች ብቻ ነው።

4. ሳራናክ ሌክ፦ የሕሙማን ከተማ በዓል

በኒው ዮርክ ግዛት ሰሜን፣ በአዲሮንዳክ ተራሮች መካከል ያለችው ሳራናክ ሌክ በሌላ መንገድ መጣች። ኤድዋርድ ሊቪንግስተን ትሩዶ የተባለ ሐኪም፣ ራሱ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በ1870ዎቹ ወደ እነዚህ ተራሮች መጥቶ ተሻለው፤ ከዚያም ለሌሎች መታከሚያ ሊሠራ ተነሣ። «ሊትል ሬድ» የምትባለው ትንሽ ቤት በ1885 ሕሙማን መቀበል ጀመረች። ለበሽታው መድኃኒት ባልተገኘበት በዚያ ዘመን ሕክምናው ዕረፍት፣ ጥሩ ምግብና ንጹሕ ቀዝቃዛ አየር ነበር። ሕመምተኛው ፀጉራም ካፖርትና ብርድ ልብስ ተደርቦለት በረንዳ ላይ ለሰዓታት ይተኛል፤ ጥርም ቢሆን፣ በረዶም ቢጥል። የከተማዋ ነዋሪዎች ቤታቸውን እያከራዩና ሕሙማንን እያስታመሙ ይተዳደሩ ስለነበር ዛሬም ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ሰፋፊ በረንዳ አላቸው።

እንዲህ ባለች ከተማ ክረምት ብርድ ብቻ አይደለም፤ ተስፋ የሚፈትን ወቅት ነው። በ1896 የተቋቋመው ፖንቲያክ ክለብ ዓላማው ከቤት ውጭ የሚደረጉ ስፖርቶችንና ጨዋታዎችን ማስፋፋት ነበር። በ1897 የሁለት ቀን ካርኒቫል አዘጋጀ፤ በ1898 የበረዶው ቤተ መንግሥት ተጨመረ። እንግዳ እንዲመጣ አልጠሉም፤ ቀድመው ያሰቡት ግን ለራሳቸውና ለሕሙማኑ ነበር። ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው።

ቤተ መንግሥቱ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት የተቋሙን አሠራር ከየትኛውም መተዳደሪያ ደንብ ይልቅ ያስረዳል። ሥራው ዛሬም እንደ ደቦ ነው፤ የሚከፈለው ሰው የለም፣ የመጣ ሁሉ የሚችለውን ይይዛል። ጥር ሲጋመስ ፍላወር የተባለው ሐይቅ፣ ፖንቲያክ በሚባለው ጥግ በኩል፣ ሰውና መሣሪያ የሚሸከም ይሆናል። በረዶው ላይ በመስመር የተከፋፈለ ንድፍ ይሠመራል። በሞተር መጋዝ ከፊል ጥልቀቱ ይቆረጣል፤ የቀረውን በረጅም የእጅ መጋዝና በብረት ዘንግ ያላቅቁታል። የአንዱ ብሎኬት ስፋት 60 በ120 ሳንቲሜትር ነው። በረዶው 30 ሳንቲሜትር ከወፈረ አንዱ ወደ 200 ኪሎ ይመዝናል። ተቆርጦ በተከፈተው የውሃ መስመር ላይ እየተንሳፈፈ፣ ጫፉ ሹል በሆነ ረጅም እንጨት እየተገፋ ወደ ዳር ይመጣል፤ ከዚያ ማሽን ያነሣውና ግድግዳው ላይ ያስቀምጠዋል።

ብሎኬቶቹን የሚያጣብቀው ውሃ የበዛበት የበረዶ ጭቃ ነው። ይህ የልጆች፣ የሴቶች፣ የሽማግሌዎችና የአላፊ አግዳሚው ሥራ ነው፤ በባልዲ እየቀዱ በጓንት ስንጥቁ ውስጥ ይጠቀጥቁታል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይረጋል። በዚህ ቅዝቃዜ ጓንቱ ራሱ ደርቆ እንጨት ይሆናል። ግድግዳው ሲያልቅ በመጥረቢያና በመጋዝ ይስተካከላል፣ ውስጡ ባለቀለም መብራት ይገባል።

ማቀዝቀዣ ከመስፋፋቱ በፊት ከሐይቅ በረዶ ቆርጦ፣ በመጋዝ ዱቄት ሸፍኖ እስከ በጋ አቆይቶ መሸጥ በዚያ አካባቢ ትልቅ መተዳደሪያ ነበር። ካርኒቫሉ መሣሪያውንም ዕውቀቱንም የወረሰው ከእነዚያ በረዶ ቆራጮች ነው። ንግዱ ከሞተ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ሙያው ግን በዚህ በዓል ምክንያት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እኔ ከዚህ ተቋም ጥቅሞች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከተገኘ በኋላ የትሩዶ መታከሚያ (ሳናቶሪየሙ) በ1954 ተዘጋ። ከተማዋ ዋና መተዳደሪያዋን አጣች። ካርኒቫሉ፣ ቀደም ሲል ሳይደረግ ያለፈባቸው ዓመታት ቢኖሩም፣ ጸንቶ ቀጠለ። ለዓመታት በአቅራቢያው ከነበረው ካምፕ ጋብሪኤልስ ማረሚያ ቤት ታራሚዎች እየመጡ በግንባታው ይረዱ ነበር፤ እስር ቤቱ በ2009 ሲዘጋ የእነርሱንም ድርሻ በጎ ፈቃደኞቹ ተረከቡት።

5. ስቲምቦት ስፕሪንግስ፦ ካርኒቫል ክለብ ሲወልድ

ወደ ኮሎራዶ እንመለስ። ካርል ሃውልሰን የተባለ የኖርዌይ ተወላጅ ግንበኛ፣ ለአንድ ሰሞን በሰርከስ ውስጥ በስኪ ሲዘል የታየ ሰው፣ በሆት ሰልፈር ስፕሪንግስ መንደር የክረምት ስፖርት በዓል እንዲጀመር ረዳ። ከዚያም ወደ ስቲምቦት ስፕሪንግስ ተሻግሮ በየካቲት 1914 የመጀመሪያውን ካርኒቫል አቋቋመ። ያየው ችግር ግልጽ ነው፤ ከብት አርቢ ቤተሰቦች ክረምቱን ሙሉ ከቤት ሳይወጡ ይከርማሉ። የሰጣቸው መፍትሔ ለልጆቻቸው ስኪ ማስተማር ነበር።

እዚህ ላይ ተቋሙ አዲስ እርምጃ ተራመደ። እንደ ሌድቪል ሕንፃ አልሠራም፤ ቋሚ ክለብ መሠረተ። የክረምት ስፖርት ክለቡ ዓመቱን ሙሉ ሕፃናትን ያሠለጥናል፤ ካርኒቫሉ ደግሞ ለዚያ ሥልጠና ገንዘብ የሚሰበሰብበት ቀን ነው። የመግቢያ ባጅ ሽያጩ ለክለቡ ይገባል። ሃውልሰን በ1922 ወደ አገሩ ቢመለስም አንዳች አልተጓደለም፤ በስሙ የተጠራው ኮረብታ ከ1915 ጀምሮ ሳያቋርጥ ስኪ ይዘለልበታል፣ ከዚህች ትንሽ ከተማ የወጡት ኦሊምፒያኖችም መቶ ያህል ናቸው።

የበዓሉ ማእከል ሊንከን የሚባለው ዋና ጎዳና ነው። የከተማው መኪናዎች ክረምቱን ሙሉ ከዚህ መንገድ በረዶ ሲጠርጉ ይከርማሉ፤ በካርኒቫሉ ዋዜማ ግን በረዶውን ጭነው አምጥተው መልሰው አስፋልቱ ላይ ያነጥፉታል። ጠዋት ፈረስ እየጋለበ ይመጣል፤ በገመድ ጫፍ ስኪ ያጠለቀ ሕፃን ይጎተታል፣ በሚዘረጋለት እንቅፋት ላይም ይዘላል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሙዚቃ ባንድ ከ1935 ጀምሮ ስኪ ላይ ቆሞ ያልፋል። ከ1936 ጀምሮ ደግሞ ሌሊት አንድ ሰው ሰውነቱን በመብራት ሸፍኖ፣ ርችት እየተኮሰ ከኮረብታው ይወርዳል።

6. የኮሌጆቹ መስመር

በኒው ሃምፕሻየር ግዛት የሚገኘው ዳርትማዝ ኮሌጅም ይህን ዘር ወስዶ በራሱ መንገድ አሳደገው። ፍሬድ ሃሪስ የተባለ ተማሪ በ1909 ተማሪው ክረምቱን ቤት ዘግቶ ማሳለፉ ይብቃ ብሎ በኮሌጁ ጋዜጣ ጻፈ፤ የተራራ ጉዞና የስኪ ክለብ ተመሠረተ፣ በ1911 ካርኒቫሉ ተከተለ። ሌሎች የአካባቢው ኮሌጆች ሲከተሉ የመልስ ግብዣ ወደ ውድድር ዙር ተለወጠ። ዛሬም በዚያ አካባቢ የዩኒቨርሲቲዎች የስኪ ውድድር ካርኒቫል ይባላል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ አንዱ ተቋም ያስተናግዳል፣ የወንዶችና የሴቶች ነጥብ ተደምሮ አሸናፊው ይለያል።

ከዚህ መስመር የወጣ የእኛ ሰው አለ። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ከሳራናክ ሌክ አጠገብ ባለችው ሌክ ፕላሲድ ስኪ ተማረ፤ ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲም ተወዳደረ። በ2006 በቱሪን ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የተሰለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በ2010 በቫንኩቨር ደገመው። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የታየው በዚህ መንገድ ነው።

7. አወቃቀርና ገንዘብ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትልልቅ የስኪ መዝናኛዎች ተራሮቹን ሲይዙ ካርኒቫሉ አዲስ ጎረቤት አገኘ። በሌድቪል አቅራቢያ በካምፕ ሄል የሠለጠኑት የተራራ ጦር አባላት ሲመለሱ ብዙዎቹ በዚህ ንግድ ተሠማሩ፤ ከመዝናኛዎቹ አንዱ የሆነው ቬይል የተከፈተው በ1962 ነው። የኮሎራዶዋ ብሬከንሪጅም የኖርዲኮችን የበረዶ አምላክ ስም ይዛ በ1963 የራሷን በዓል ጀመረች። ከእነዚህ መካከል የማስታወቂያ ጠረን የሚበዛባቸው አሉ፤ ጥሩ ሥር የያዙም አሉ።

በደንብ የቆመ ካርኒቫል አወቃቀር ቀላል ነው። ከላይ አንድ የበጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ አለ፤ ከሥሩ ሰልፉን፣ ውድድሩን፣ ርችቱንና ግንባታውን የሚይዙ ንዑሳን ኮሚቴዎች አሉ። የከተማው አስተዳደር መንገድ ይዘጋል፣ መብራትና ፖሊስ ይመድባል፤ የበዓሉ ባለቤት ግን ኮሚቴው ነው። ሱቆችና ባንኮች ይለግሳሉ። ቀሪው ከባጅ ይመጣል፤ በሳራናክ ሌክ የባጁን ሥዕል ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው የሐኪሙ የትሩዶ የልጅ ልጅ ልጅ የሆነው ታዋቂው ካርቱኒስት ጋሪ ትሩዶ ነው።

ንጉሥና ንግሥት የሚመረጡበት መንገድም ተለውጧል። ዳርትማዝ ሴቶችን በተማሪነት መቀበል ከጀመረ በኋላ የቁንጅና ንግሥት ምርጫውን አስቀርቷል። ሳራናክ ሌክ ደግሞ ለከተማዋ ለዓመታት የደከሙ ሰዎችን ታነግሣለች፤ ዘውዱ የሚደፋው ለምስጋና ነው። ይህን ሥርዓት በሌሎች ከተሞችም ባየው ደስ ይለኛል።

8. ዛሬ

የሳራናክ ሌክ ካርኒቫል በየካቲት መጀመሪያ ለ10 ቀናት ይካሄዳል። ዘውድ በመድፋት ይከፈታል፣ በመገባደጃው ታላቁ ሰልፍ በዋናው መንገድ ያልፋል፣ የሴቶች የመጥበሻ ውርወራን የመሰሉ ጨዋታዎች ይደረጋሉ፣ በመጨረሻው ማታ እንደ ጥንቱ ቤተ መንግሥቱ በርችት «ይወረራል»። ከከተማዋ ወጥተው የሄዱ ልጆች ለገና ባይመጡ ለካርኒቫል ይመጣሉ። ሆቴሎቹም ይሞላሉ፤ የሌድቪል ነጋዴዎች የተመኙት ገበያ እዚህ ተገኝቷል፣ በሕዝቡ ቀዳሚ ፍላጎት ላይ ተደርቦ።

አሁን የሚያሳስበው የአየሩ መሞቅ ነው። ሐይቁ ዘግይቶ ይረጋል፣ ስስም ይሆናል። በረዶው 20 ሳንቲሜትር ብቻ ሲወፍር አንዱ ብሎኬት ወደ 130 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ ለአንድ ግድግዳ የሚያስፈልገው ብዛት ይጨምራል፣ በሐይቁ ላይ ማሽን ማቆምም አደጋ አለው። ስለዚህ በሞቃት ዓመት ቤተ መንግሥቱ ያንሳል። ስቲምቦት በኮረብታው ላይ በረዶ የሚረጭ ማሽን መጠቀም ትችላለች። ሐይቅ የሚያረጋ ማሽን ግን የለም፤ በጥር የሳራናክ ሌክ ግንበኞች ንድፍ ከመዘርጋታቸው በፊት በረዶውን በስተው ውፍረቱን ይለካሉ፤ የዓመቱ ቤተ መንግሥት ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስኑትም ያን ልኬት ይዘው ነው።